ቀዩን ትል ለምን ይተፋዋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ የሚጠይቁትም ስለ አንድ እንስሳ አመጋገብ ነው፤ ስለ አክሶሎትል። አይቶት ለማያውቅ አንባቢ፦ የእንቁራሪት የሩቅ ዘመድ የሆነ፣ ጅራትና አራት እግር ያለው፣ ዕድሜውን ሙሉ ከውሃ የማይወጣ፣ ከራሱ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ላባ መሰል መተንፈሻ የተንጠለጠለለት ፍጡር ነው። አገሩ ሜክሲኮ፣ የሶቺሚልኮ ሐይቅ ነው። እዚያ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል፤ በሰው ቤት የሚረባው ግን ብዙ ነው። ፊቱ ሁልጊዜ ፈገግ ያለ ይመስላል። ሥጋ በል መሆኑ የሚታወቀው አፉን ሲከፍት ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ጤና ይስጥልኝ። 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆኑ ሁለት አክሶሎትሎች አሉኝ። ጓሮ ውስጥ ለማዳበሪያ ብለን ከምናረባው ቀይ ትል እየወሰድኩ ስሰጣቸው ጎርሰው መልሰው ይተፉታል፤ አንደኛዋማ ራሷን እየነቀነቀች ጥግ ትይዛለች። ከአፈር ቆፍሬ ያመጣሁትን ግን አንዴ ነው የሚውጡት። ታመው ይሆን?

መልስ፦ አልታመሙም፤ ጥፋቱ የትሉ ነው። ከማዳበሪያው ክምር አንድ ትል ያንሡና በሁለት ጣት ቆንጠጥ ያድርጉት። ከቀለበቶቹ መሀል ቢጫ ፈሳሽ ጠብ ይላል። ጣትዎን ያሽትቱት፤ በሳሙና ካልታጠቡ ሽታው ቶሎ አይለቅዎትም። ቀዩ ትል ሲጨነቅ ራሱን የሚከላከለው በዚህ ፈሳሽ ነው። አክሶሎትል ደግሞ ጥርሱ ለመያዝ እንጂ ለማኘክ የማይሆን ደቃቅ ነው፤ ምግቡን ከነውሃው ምጎ ካስገባ በኋላ ነው የሚቀምሰው። ካልጣመው በመጣበት መንገድ ይመልሰዋል። የሚገድል ነገር አይደለም፤ ግድ ሳይሰጠው የሚውጥም እንስሳ አለ። አብዛኛው ግን እንደ እርስዎ ሁለቱ ነው።

ሁለቱን ትሎች ቀለማቸው ይለያቸዋል። የማዳበሪያው ትል ቀይ ቡናማ ሆኖ በቀለበቶቹ መካከል ገረጣ ያለ ቢጫ መስመር አለው፤ የጭራው ጫፍም ወደ ቢጫ ያደላል። የሚገኘው ከእበትና ከብስባሽ ውስጥ ነው። የአፈሩ ትል ግራጫ ወይም ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፣ መስመር የለውም፣ ሲነኩት የሚለቀውም ንፍጥ ብቻ ነው። ዋና ምግብ መሆን ያለበት ይኸኛው ነው።

ቀዩን መስጠት ግድ ከሆነ ገና ያላደገውን፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን ይምረጡና ሳይቆርጡ ሙሉውን ይስጡት። መቁረጥ ያንኑ ፈሳሽ መጭመቅ ነው። ይህም ካልሠራ ውሃ አፍልተው ከእሳት ያውርዱ፤ ትሉን በሻይ ማጥለያ አድርገው ለ5 ሰከንድ ያህል ይንከሩትና ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅልቁት። ፈሳሹ እዚያው ፍል ውሃው ውስጥ ይቀራል። ትሉ ስለሚሞት ግን ከእንግዲህ አይላወስም፤ ማላወሱ የእርስዎ ሥራ ነው።

የማላወሱ ነገር ቀላል አይምሰልዎት። አክሶሎትል ዓይኑ ደካማ ነው፤ ምግቡን የሚያገኘው በማሽተትና በውሃው ንቅናቄ ነው። ማታ መብራቱን ካደበዘዙ በኋላ ትሉን ጫፉ ባልሾለ ወረንጦ፣ ቢቻል በፕላስቲኩ፣ ይያዙና ከአፍንጫው 2 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርገው ቀስ ብለው ያወዛውዙት። ትንሽ ዝም ይላል፣ ራሱን ያዞራል፣ ከዚያ በአንድ ቅጽበት ጉሮሮውን ነፍቶ ይምገዋል። ወደ አፉ አይግፉበት፤ ከገፉበት ይደነግጥና ያንን ማታ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ በአንድ ጥግ አያብሉ። ከጎኑ የተንቀሳቀሰውን ሁሉ ምግብ ስለሚመስለው የጓደኛውን እግር ይጎርሳል። እግሩ መልሶ ይበቅላል፤ ቢሆንም እስኪበቅል ድረስ ቁስል ነው።

መጠኑን አልጠየቁንም፣ ግን ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለ20 ሳንቲ ሜትር እንስሳ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ የአፈር ትል፣ በሳምንት 3 ጊዜ ይበቃል፤ ለምሳሌ ሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ። ትሉን በመቀስ ለ2 ወይም ለ3 ይክፈሉት፤ የቁራጩ ውፍረት በእንስሳው ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት መብለጥ የለበትም። ከላይ ሆነው ሲመለከቱት ሆዱ ከራሱ ስፋት ጋር እኩል ከሆነ ልክ ነው። ሆዱ ከራሱ ከሰፋ በሳምንት ወደ 2 ጊዜ ይቀንሱ፤ ከጠበበ አንድ ቀን ይጨምሩ። በሚዛን ከመመዘን ይልቅ ይህን በየሳምንቱ ማየት ይሻላል።

በ20 ደቂቃ ውስጥ ያልተበላውን ያውጡ። ከድንጋይ ሥር ገብቶ የሞተ አንድ ትል ውሃውን በአሞኒያ ሲበክለው በዓይን አይታይም፤ የሚታየው እንስሳው መብላት ሲያቆም ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ አክሶሎትሌ ከሚያዝያ መጀመሪያ ወዲህ ትል እምቢ አለ። የሰለቸው መስሎኝ የበሬ ሥጋና ጉበት በትንንሹ ከትፌ ሰጠሁት፤ ሁለት ቀን በላና አቆመ። አሁን መተንፈሻዎቹ ወደ ፊት ታጥፈዋል፣ ቀን ቀን ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ቴርሞሜትሩ 26 ዲግሪ ይላል። ምን ላብላው?

መልስ፦ ለጊዜው ምንም። ጥያቄዎን ራስዎ መልሰውታል፤ መልሱ 26 ዲግሪው ነው። አክሶሎትል የሚስማማው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው፤ 20 ድረስ ይቻላል፤ ከ22 በላይ መጨነቅ ይጀምራል። ሶቺሚልኮ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ደጋ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያ ያለ ሰው ገንዳውን ጥላ ውስጥ ካስቀመጠው ሌላ ድካም የለበትም። ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ የእንስሳው ሰውነት ግን የበለጠ ይፈልጋል። መተንፈሻው ወደ ፊት መታጠፉ የጭንቀት ምልክት ነው። በዚህ ላይ የከብት ሥጋ ሲጨመር ይብሳል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚኖር እንስሳ ሆድ የከብትን ስብ በደንብ አይፈጭም፣ ካልሲየሙም እጅግ ትንሽ ነው። መንሳፈፉ ሆዱ ውስጥ ከቆየ ምግብ የተነሣ አየር ሊሆን ይችላል።

ዛሬውኑ ይህን ያድርጉ። ገንዳው መስኮት አጠገብ ከሆነ ያንሡትና ፀሐይ የማታገኘው የሲሚንቶ ወለል ላይ ያሳርፉት። ክዳኑን አንሥተው በወንፊት ሽቦ ይተኩት፣ ከዚያ ማራገቢያ በውሃው ገጽ ላይ አግድም እንዲነፍስ ያድርጉ፤ ውሃው ሲተን ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ይወርዳል። የተነነውን በየቀኑ መተካት አይርሱ። ሁለት የግማሽ ሊትር ላስቲክ ጠርሙሶች ውሃ ሞልተው ያቀዝቅዙ፤ አንዱ ገንዳው ውስጥ ሲንሳፈፍ ሌላው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይጠብቃል። በረዶውን ራሱን ውሃው ውስጥ አይጣሉ። ውሃው በአንድ ሰዓት ከ1 ወይም ከ2 ዲግሪ በላይ እንዳይወርድ ይከታተሉ፤ ድንገተኛ ብርድም እንደ ሙቀቱ ይጎዳል።

የተረፈውን ሥጋ ሁሉ በቱቦ ስበው ያውጡ። ለ4 ቀን በየቀኑ ከውሃው ሩቡን ይቀይሩ። የሚጨምሩት የቧንቧ ውሃ ከሆነ አፉ በተከፈተ ባልዲ ከ24 እስከ 48 ሰዓት አድሮ ክሎሪኑ የወጣለት ይሁን፤ አለበለዚያ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ይጠቀሙ። ፊልተሩን በቧንቧ ውሃ አይጠቡት። በውስጡ ያሉትን አሞኒያ የሚያጠፉ ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋል፤ ከገንዳው በወጣው ውሃ አለቅልቀው ይመልሱት።

ሙቀቱ 20 ላይ ወርዶ ሁለት ቀን ከቆየ በኋላ ግማሽ የአፈር ትል ያሳዩት። እምቢ ካለ አያስገድዱት፣ ከሁለት ቀን በኋላ ይሞክሩ። ጤነኛ ጎልማሳ አክሶሎትል ሳምንት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ደግሞ ከዚያም በላይ ያለ ምግብ ይቆያል፤ ስለዚህ ረሃቡ አያስቸኩልዎት። ቆዳው ወይም መተንፈሻው ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ከወጣ፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም ውሃው ከቀዘቀዘ በኋላም ሁለት ሳምንት ካልበላ ግን የእንስሳት ሐኪም ይየው።

በግልጽ እንናገር፦ መብራት በሚጠፋበት ወቅት የበረዶ ጠርሙስ መለዋወጥ ለማይችል ሰው ባሕር ዳር ላይ ይህን እንስሳ ማርባት አይመከርም።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ትል የምቆፍረው ከማሳዬ ዳር ነው። መሬቱ አሲዳማ ስለሆነ አምና ኖራ አድርገንበታል፤ ዘንድሮ ዩሪያ ገብቶበታል፣ የበቆሎው ላይ የአረም መድኃኒትም ተረጭቷል። ትሉን በደንብ ባጥበው ይበቃል? በጋ ላይስ ከየት ላግኝ?

መልስ፦ አይበቃም። ትል አፈር በል ነው፤ መድኃኒቱን የሚይዘው በቆዳው ብቻ ሳይሆን በሆዱም በሥጋውም ነው፣ ስለዚህ ማጠብ የሚያወርደው የላዩን ጭቃ ነው። አምና የተበተነው ኖራ አያሳስብም፤ እንዲያውም ትል አሲዳማ አፈር ስለማይወድ ኖራ ያገኘ መሬት ላይ ይበረክታል። ችግሩ የአረም መድኃኒቱና የዘንድሮው ዩሪያ ነው። ከዚያ ማሳ አይውሰዱ፤ ጎርፉ ከማሳው ወደሚወርድበት ቦይም አይሂዱ። በመስኖ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጫት የሚለማበት መሬትም እንደዚሁ ነው፤ እዚያ የሚረጨው ከበቆሎው ይብሳል።

ከቤት አጠገብ ካለው፣ ከአንድ ዓመት ወዲህ ምንም ካልተረጨበት መሬት ይፈልጉ፦ ከጌሾው ሥር፣ ሙዝ ካለ ከሙዙ ግርጌ፣ ቅጠል ወድቆ ከበሰበሰበት፣ ከምንጩ ዳር። የልብስ እጣቢ ከሚደፋበት ግን አይሁን። በዶማ ከቆፈሩ ግማሹን እየቆረጡ ነው የሚያወጡት፤ ባለ ጥርስ መቆፈሪያ ይሻላል። ከዚህም የሚቀለው ክረምቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ማታ ዝናቡ ካባራ በኋላ በባትሪ ብርሃን ቢወጡ ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ያገኙታል። እርምጃዎ ቀስ ያለ ይሁን፤ መሬቱ ሲነቃነቅ ሽው ብሎ ይገባል። ሲይዙት አይጎትቱ፣ ያዝ አድርገው ትንሽ ይጠብቁ፣ ራሱን ሲለቅ ይወጣል።

ለበጋ ማስቀመጥ የሚቻለው በገንቦ ነው። አሮጌ፣ ዘይትም ጠላም ያልነካው ገንቦ ወይም ማሰሮ ይፈልጉ፤ ሸክላ ውሃ ስለሚያላብ ውስጡ ከውጪው ይቀዘቅዛል፤ ለዚህ ሥራ ከላስቲክ ባልዲ ይልቃል። ትሉ የወጣበትን አፈር ከግማሽ ደረቅ ቅጠል ጋር ቀላቅለው ሁለት ሦስተኛውን ይሙሉ፤ እርጥበቱ አፈሩ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ ግን ውሃ የማይፈስበት ይሁን። አፉን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ጥላ ውስጥ በግማሽ ይቅበሩት። 10 ሊትር በሚይዝ ገንቦ ከ60 ትልቅ ትል በላይ አያስገቡ። በሳምንት አንድ ጊዜ ይገልብጡና የሞተውን ይልቀሙ። አንድ የሞተ ትል ለሦስት ቀን ከቆየ ሌሎቹንም ይዞ ይሄዳል፤ ሽታው ቀድሞ ይነግርዎታል።

ከመስጠትዎ አንድ ቀን አስቀድመው የሚበቃውን ያህል አውጥተው በእርጥብ ሶፍት ወይም ባልታተመበት ካርቶን ላይ፣ አየር በሚያስገባ ዕቃ ያሳድሩት። በ24 ሰዓት ውስጥ የሆዱን አፈር ይጥላል፤ የገንዳዎ ውሃም አይደፈርስም።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ቀይ ትል በሳፋ ማርባት ጀምሬ ነበር። ትኩስ እበት አነጠፍኩ፣ በየቀኑ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የወጥ ትራፊና የጠላ አተላ እሰጣቸው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግማሹ ከሳፋው ወጥቶ ጠፋ፤ የቀረው አካሉ እንደ ዶቃ ክር ቋጠሮ ቋጠሮ ሆኖ ሞተ። ጉንዳንም ገባበት። የት ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ሦስት ቦታ ላይ። ትኩስ እበት ሲብላላ ይግላል፤ ትል ደግሞ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ነው የሚመቸው። ወጥ ጨው፣ በርበሬና ዘይት አለበት፤ ትል የሚተነፍሰው በእርጥብ ቆዳው ስለሆነ ጨው ያቃጥለዋል፣ ዘይት ያፍነዋል። አተላውና የእንጀራው እርሾ ደግሞ መኝታቸውን አኮመጠጡት። እንደ ዶቃ መቋጠሩ የዚያ ምልክት ነው፦ ምግቡ በዝቶ ሲቦካ የትሉ ሆድ በጋዝና በአሲድ ይታወካል፣ አካሉም ይቆራረጣል። ያመለጡት ብልጦቹ ናቸው።

እንደገና ሲጀምሩ 60 በ40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የእንጨት ሳጥን ወይም ሳፋ ይውሰዱ። ከሥሩ 10 ያህል ቀዳዳ፣ ከጎኑ ከላይ በኩል ደግሞ ጥቂት ይብሱለት፤ የቀዳዳው ስፋት 6 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከታች ሦስት ጣት የሚያህል በውሃ ተነክሮ የተጨመቀ የጤፍ ጭድና የተቀደደ ካርቶን ያንጥፉ። በላዩ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቢያንስ ሁለት ወር የተከመረ እበት ያድርጉ። መድረሱን በእጅ ይወቁት፦ እጅዎን እስከ አንጓው ድረስ ክምሩ ውስጥ ያስገቡ፤ ሙቀት ከተሰማዎት ገና ነው፣ እንደ አፈር ቀዝቅዞ የእበት ሽታው ከጠፋ ደርሷል። በቅርቡ የሆድ ትል መድኃኒት ከተሰጣት ላም የተገኘ እበት ፈጽሞ አይጠቀሙ። መድኃኒቱ በእበት በኩል ይወጣል፣ የእርስዎንም ትል ይፈጃል።

መኝታውን አንድ እፍኝ ጨብጠው ሲጨምቁት አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ብቻ መውጣት አለበት። ግማሽ ኪሎ ቀይ ትል ያስገቡና ሦስት ቀን ምንም ሳይሰጡ ይተዉአቸው። ከዚያ በቀን 100 ግራም የዱባ፣ የድንች ወይም የሙዝ ልጣጭ ከትፈው በአንድ ጥግ ይቅበሩ። የትናንቱ ሳያልቅ የዛሬውን አይጨምሩ። ወር ሲሞላው እስከ 250 ግራም ማሳደግ ይቻላል። የቡና አተላ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ስኒ አይጎዳም። ደርቆ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት በ15 ቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ይነስንሱ፤ ኮምጣጣነቱን ይሰብራል፣ ለትሉም ለሚበላው እንስሳም ካልሲየም ይሆናል። አመድ ግን አይነስንሱ፤ ያቃጥላል። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ይቅሩ።

ለጉንዳኑ ሳጥኑን በአራት እግር አቁመው እያንዳንዱን እግር ውሃ ባለው ጣሳ ውስጥ ያኑሩት። ውሃው ሲደርቅ በማግሥቱ ይመለሳሉ፤ ጉንዳን አይረሳም።

ቀይ ትል ከእንቁላል ወጥቶ ለመራባት ሁለት ወር ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ምንም አይውሰዱ። ከዚያ ለመሰብሰብ ከማለዳው ፀሐይ ሥር አንድ ላስቲክ ላይ ክምሩን ይገልብጡ። ትሉ ብርሃን ሽሽት ወደ ታች ሲወርድ ላይ ላዩን አፈሩን ይግፈፉ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደግሙት ከሥር የተቋጠረ ንጹሕ ትል ያገኛሉ። ለአክሶሎትል ሲሰጡ የደብረ ማርቆሱን ጠያቂ መልስ ይመልከቱ። በእኛ አስተያየት ቀዩ ትል የበጋ ስንቅ ነው፣ የአፈሩ ትል ደግሞ ቀለብ። የአፈሩን ትል በሳፋ ማርባት ግን እጅግ ስለሚዘገይ አንመክረውም።

ጥያቄ (ከቢቸና፣ ተማሪ)፦ እናቴ ትል ማቀዝቀዣ ውስጥ አላስገባም ብላለች። በትል ፋንታ ዳቦ፣ እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ደረቅ የዓሣ መኖ ብሰጠውስ? ለትንሣኤ ደግሞ 6 ቀን አገር ቤት ስለምንሄድ ማን ያብላልኝ?

መልስ፦ እናትሽ ልክ ናቸው፤ የትል ቦታው ገንቦ ነው፤ ለዳንግላው ጠያቂ የጻፍነውን አንብቢላቸው።

ዳቦና እንጀራ ሆዱ አይፈጨውም። እንቁላል ውሃውን በአንድ ሌሊት ያበላሻል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሥጋ አጥንቱና ቆዳው ወጥቶለት፣ አንድ ሳምንት በረዶ ውስጥ ከቆየ በኋላ፣ የክብሪት እንጨት በሚያህል ቁራጭ በ15 ቀን አንድ ጊዜ ቢያገኝ ግድ የለም፤ በረዶ ውስጥ የሚቆየው ጥገኛ ትላትል ካሉበት እንዲሞቱ ነው። በሕይወት ያለ ትንሽ ዓሣ ግን አትስጪው። እሾኹ ይወጋዋል፣ በሽታ ይዞ ይገባል፣ ሳይበላ ካደረም ዓሣው ራሱ ላባ የመሰለውን መተንፈሻ እየለቀመ ይበላል። ከወንዝ የተያዘ የእንቁራሪት ጫጩትም የቆዳ በሽታ ስለሚያመጣ ክልክል ነው። ዱቄት ውስጥ የሚገኘው ጠንካራ ቆዳ ያለው ትል ለሆዱ ይከብደዋል።

ከትል ቀጥሎ የሚሻለው ደረቅ መኖ ነው፤ ሁሉም ዓይነት ግን አይደለም። ወደ ታች የሚሰጥም፣ ለሥጋ በል የተሠራ፣ ፕሮቲኑ ከ40 በመቶ በላይ የሆነና ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፈልጊ። የሚንሳፈፈው ቅጠል መሳይ መኖ አይረባውም፤ ለመብላት ሲል አየር ይውጣል። ከደረቁ መኖ በ5 ፍሬ ጀምሪ፤ ካልበላው ቶሎ ስለሚፈርስ በ15 ደቂቃ ውስጥ በሲሪንጅ ምጠሽ አውጪው።

ለ6 ቀኑ ማንንም አታስቸግሪ። ከመሄድሽ ሁለት ቀን በፊት አብይው፣ በማግሥቱ ሩቡን ውሃ ቀይሪለት፣ ከዚያ ሂጂ። የእናንተ ጾም ሲፈታ የእሱ ይገባል። አደራ፣ «ይቆየው» ብለሽ ገንዳው ውስጥ ትል ጥለሽ እንዳትሄዲ፤ ትሉ ይሞታል፣ ስትመለሺ የሚጠብቅሽም የሸተተ ውሃ ነው። ጎረቤት የሚረዳሽ ከሆነ የሚያየው ቴርሞሜትሩንና ፊልተሩን ብቻ ይሁን።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ሴቷ ሳናስበው እንቁላል ጣለች፤ ከ300 በላይ ይሆናል። የተፈለፈሉትን በምን ላሳድጋቸው? ትል ፈጭቼ ብሰጣቸውስ?

መልስ፦ የተፈጨ ትል አይሆንም። ገና የተፈለፈለ ጫጩት አፉ የሚከፈተው ለሚንቀሳቀስ ነገር ብቻ ነው፤ የፈጩት ትል ውሃውን ከማበላሸት ሌላ አይጠቅምም። ለመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት በሆዱ የቀረው አስኳል ይመግበዋል። ከዚያ በኋላ በቀን ሁለት ጊዜ ሕይወት ያለው ደቃቅ ምግብ ይፈልጋል። የሚመረጠው የአርቴሚያ፣ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚኖር ደቃቅ ፍጡር፣ ጫጩት ነው፤ እንቁላሉ በቆርቆሮ ታሽጎ ይሸጣል። በ1 ሊትር ውሃ 25 ግራም ጨው አሟሙተው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንቁላል ጨምረው፣ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ በሆነ ቦታ በአየር ማስገቢያ ፓምፕ እያናፈሱ ያቆዩት፤ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ብርቱካንማ ነጠብጣቦች ሆነው ይዋኛሉ። በነጠላ ጨርቅ አጥልለው ጨው በሌለው ውሃ ካለቀለቁ በኋላ ይስጡ። ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ብዙ ስለማይቆዩ የሞተውን ማታ ማታ ይምጠጡ።

ዓሣ ከሌለበት ኩሬ የሚገኘው ዳፍኒያ፣ ውሃ ውስጥ እንደ ቁንጫ የሚዘለው፣ ይበልጥ ይመቻል፤ እስኪበላ ድረስ በሕይወት ይቆያል። ሲያመጡ በነጭ ሳህን ላይ ገልብጠው አልቅትና የውሃ ተርብ እጭ አለመኖሩን ይመልከቱ፤ ሁለቱም ጫጩቱን ይበሉታል። የትንኝ እጭም ጥሩ ምግብ ነው፤ በአንድ ጊዜ ሊበላ ከሚችለው በላይ ግን አይጨምሩ። የተረፈው ቀን ቆጥሮ ክንፍ ያወጣና ቤቱን ይሞላዋል።

3 ሳንቲ ሜትር ሲደርሱ በቀጭኑ የተከተፈ ትንሽ ትል በወረንጦ ማለማመድ ይጀምሩ፤ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ሲሆኑ ትሉ ዋና ምግባቸው ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ከተጨናነቁ እርስ በርስ እግር ይበላላሉ፤ በየመጠናቸው ለይተው በየሳፋው ያስቀምጧቸው።

300ውን ሁሉ ለማሳደግ አይሞክሩ፤ 20 ጫጩት ራሱ በቀን ሁለት ሰዓት ይወስዳል። የማይፈልጉትን እንቁላል ሳይፈለፈል ሁለት ቀን በረዶ ውስጥ ካቆዩ በኋላ ይቅበሩት። ወንዝ ውስጥ መድፋት አይቻልም። ከሞጣ የሚወርደው ውሃ ሁሉ መድረሻው አባይ ነው፤ የእኛ ወንዞች ዓሣና እንቁራሪት ከሜክሲኮ ከመጣ ሥጋ በልም ሆነ ይዞት ከሚመጣው በሽታ ጋር ተዋውቀው አያውቁም።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ትሉን ሲምግ አንድ የጠጠር ፍሬ አብሮ ዋጠ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጠጠሩን ዛሬውኑ ከገንዳው ያውጡት። ከእንስሳው ራስ ያነሰ ድንጋይ ሁሉ ይዋጣል። ወለሉን ባዶ ይተዉት፣ ወይም ፍሬው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ፣ በወንፊት ተነፍቶ ውሃው እስኪጠራ የታጠበ አሸዋ ያድርጉ። የዋጠውን ለማውጣት አፉን አይክፈቱ፣ ሆዱንም አይጫኑ። ለ4 ቀን ምግብ ይከልክሉት፣ ውሃው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ መሆኑን ያረጋግጡና በየጠዋቱ ወለሉን ይመልከቱ፤ ትንሽ ጠጠር ብዙ ጊዜ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ሆዱ በአንድ ወገን ካበጠ ወይም ከሳምንት በኋላም ካልበላ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ከዚያ ወዲያ ትሉን የሚሰጡት በጠፍጣፋ የስኒ ማስቀመጫ ላይ ይሁን።